አሰላ የገባው የጀልባ ሽንት ቤት

መርሻ ገብረ መድህን ከምጽዋ ተሰናብቶ አሰላ ሲገባ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ትልቅ ጆንያ አስጭኖ ነበር። ባሕር ኃይል የከረመ ሰው ምን ይዞ ይሆን ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ጆንያው ሲፈታ ከጎኑ የነሐስ ፓምፕ ያለው ነጭ መቀመጫና ጥቂት ወፋፍራም የጎማ ቱቦዎች ወጡ። ሚስቱ ሸዋዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

"ከዚያ ሁሉ አገር ሽንት ቤት ተሸክመህ መጣህ?"

"የጀልባ ነው" አላት፣ እንደማፈር ብሎ። "ዝም ብሎ ከሚጣል ብዬ ነው።"

መርሻ አሰላ ተወልዶ፣ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ ነበር በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ባሕር ኃይል የገባው። መርከብ እነዳለሁ ሲል፣ የካዴቶች መለማመጃ በነበረች አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ላይ የቧንቧና የሽንት ቤት ሠራተኛ አደረጉት። አለቃው ባሻ ገብረሥላሴ የሚባሉ ኮስታራ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ጀልባዋ ሆድ ውስጥ አስጎንብሰው፣

"ስማኝ" አሉት። "ይህች መቀመጫ ከባሕሩ ወለል ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ባሕሩ ምንጊዜም ልግባ ይላል። ይኼኛው ቱቦ ውኃ ያስገባል፣ ያኛው ቆሻሻ ያስወጣል። የሁለቱንም መዝጊያ ሳትዘጋ ወርደህ ብታድር፣ ጠዋት የምታገኘው የሸራውን ጫፍ ብቻ ነው።"

መርሻ ሥራውን ለመደው። መቀመጫውን ከወለሉ ጋር በብሎን ያስራል፤ የቱቦዎቹን አፍ በብረት ማሰሪያ ደራርቦ ያጠብቃል፤ የሚያስወጣው ቱቦ ወደ ላይ ቆልመም ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል፣ ባሕሩ ተመልሶ እንዳይገባ። ጨው ቱቦውን ሲያጠብበው ኮምጣጤ ያፈስበታል፤ ፓምፑን ዘይት ያጠጣል። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቅላት ግን በመውጫው ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ጎማ ነበረች። ምላስ ይሏታል። የወጣውን ታሳልፋለች፣ እንዲመለስ አትፈቅድም። እሷ ከላላች የሌላው ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

በመጀመሪያው የምጽዋ ውጊያ ጊዜ ጀልባዋ በጥይት ተበሳሳች፤ መርሻም በፈንጂ ድምፅ አንድ ጆሮው ደነቆረ። እሷ ተፈታታ ተጣለች፤ እሱ ተሰናበተ።

አሰላ ውስጥ ቧንቧ እየጠገነ፣ ሸዋዬ ገበያ ላይ ገብስ እየሸጠች ዓመታት አለፉ። ልጅ አልወለዱም። ጆንያው ከአልጋው ሥር ተረሳ። አንድ ክረምት ግን ሸዋዬ ከገበያ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ወደቀች። ነፍሷ ተረፈች እንጂ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዚያ ወዲህ አልታዘዟትም።

የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ የግቢው ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ጉድጓድ ሲሆን ከቁልቁለቱ ሥር፣ ከጭቃው ማዶ ነበር። መርሻ በጭላሎ ብርድና በዝናቡ ውስጥ አዝሏት ይወርዳል፣ አዝሏት ይወጣል። ጎረቤቶች ላለማየት ፊታቸውን ያዞራሉ። ሸዋዬን የጎዳት ይኼው ፊታቸውን ማዞራቸው ነበር።

"የሞትኩ ቀን ተሸከመኝ" አለችው አንድ ጠዋት። "በቁሜ ግን ሰው እያየኝ አትሸከመኝ።"

መርሻ ጆንያውን ጎትቶ አወጣው። የጀልባን ሽንት ቤት በደረቅ መሬት መግጠም ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጀልባ ላይ ባሕሩ ከሥር ነው፤ እዚህ ባሕር የለም። በርሜል በእንጨት ቆጥ ላይ ሰቅሎ የሚያስገባውን ቱቦ ከበርሜሉ ጋር አያያዘ። መቀመጫውን ከክፍሉ ጥግ በሲሚንቶ ተከለና መጋረጃ ጋረደበት። የሚያስወጣውን ቱቦ እንደለመደው ወደ ላይ ቆልመም አድርጎ፣ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቀብሮ ወሰደው። ዘይቱና የምትባል ጎረቤታቸው አፈሩን በዘንቢል እየተሸከመች አገዘችው።

ሲያልቅ ሸዋዬን አስቀመጣትና የፓምፑን እጀታ ግራ እጇ ላይ አደረገላት።

"ወደ ላይ ሳቢው። አሁን ወደ ታች።"

ሳበችው። ውኃው እየተሽከረከረ መጣ፣ ጉርር አለና ወረደ። ሸዋዬ ቀና ብላ አየችው።

"ውጣና በሩን ዝጋው" አለችው።

መርሻ ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። በደህናው ጆሮው ፓምፑ ሲንቋቋ ሰማ። ከምጽዋ ከተመለሰ ጀምሮ ለአንድ ሰው በእውነት የሚጠቅም ነገር ያደረገ የመሰለው ያን ቀን ነበር።

በጋ ሲገባ ውኃ ጠፋ። ቦኖው ላይ ሰልፍ ሆነ። መርሻ በርሜል ይሞላል የሚል ክስ ቀበሌው ዘንድ ደረሰና ሊቀመንበሩ ጓድ ቱፋ መጣ።

"ጓድ መርሻ፣ ሕዝቡ የሚጠጣው አጥቶ አንተ በውኃ ትጫወታለህ ይላሉ።"

መርሻ መጋረጃውን ገለጠለት። ቱፋ መቀመጫውን አየ፤ አልጋው ላይ ያለችውን ሸዋዬን አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

"አላወቅሁም" አላት። ወደ መርሻ ዞሮ ግን፣ "ባውቅም ላንተ ብቻ ለይቼ ውኃ ልሰጥ አልችልም" አለ።

ከዚያ በኋላ መርሻ ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከመ በርሜሉን ይሞላ ጀመር። ውኃው ደለል ነበረው። ደለሉ ፓምፑን ፋቀው፣ ምላሷንም በላት። ቆሻሻው የቱቦውን ቆልማማ ሳያልፍ ይመለስ ጀመር። መርሻ ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ላስቲክ አስቆረጠና በልኳ ሠራት። በጣም ደረቅ ነበረች፣ አልዘጋም አለች። ከስስ ላስቲክ ሠራ፤ ጥቂት ሰነበተችና ተቀደደች። በመጨረሻ ዋናዋን ምላስ ከምጽዋ እንዲልኩለት ባሻ ገብረሥላሴ ያሉበትን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ፣ ከሰሜን ቆስሎ የመጣ ወታደር በቆጂ አለ ሲሉት እዚያ ድረስ ሄደ።

"ምጽዋ?" አለው ወታደሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሬዲዮ አልነገሩህም? ምጽዋ እኮ ከእጃችን ወጥታለች። የምትጠይቀኝን ሰውዬ አላውቅም። ወደቡ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።"

መርሻ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ብርድ እየበላው ተመለሰ። ለሸዋዬ ስለ ምጽዋ አልነገራትም። "ዕቃው ይላካል ተብያለሁ" አላት። እሷም እንዳመነች ሆነች።

መርሻ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ፓምፑን ይፈታል፣ የተመለሰውን በእጁ ጠርጎ ያወጣል፣ ይገጥማል። ሸዋዬ በዚያ ሰዓት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ቀስ በቀስ ግን የሚጠረገው ነገር እያነሰ መጣ። እሱ የሠራት ላስቲክ የሰመረች መስሎት ደስ አለው።

ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ ሲስተር አሰፋች ሸዋዬን ልታይ መጥታ አፏን ካስከፈተች በኋላ መርሻን ወደ ውጭ ጠራችው።

"ጋሽ መርሻ፣ ይህች ሴትዮ ውኃ አትጠጣም እንዴ? ሰውነቷ ደርቋል። እህልም የምትቀምስ አይመስለኝም።"

"ኧረ ትበላለች! እያስቀመጥኩላት ነው የምሄደው።"

ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ዘይቱና አንገቷን ደፋች። "ኦቦ መርሻ፣ ይቅር በለኝ" አለች። "የምታስቀምጥላትን ለልጆቼ ትሰጣቸዋለች። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው።"

መርሻ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ለምን ሸዋዬ?"

"እጅህን አየሁት" አለችው። "ስታወጣ እጅህን አየሁት። ያን ከማይ ባልበላ ይሻለኛል።"

"እኔ ለምጄዋለሁ! ሥራዬ ነው። ስንት ዓመት የማላውቀውን ሰው ቆሻሻ ስጠርግ ኖሬ ያንቺ ይከብደኛል?"

"አንተ ትለምደው ይሆናል። እኔ አልለምደውም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። በማንኪያ ውኃ ያጠጣታል፤ እሱ ሲያያት የዋጠች ትመስላለች፣ ዞር ሲል ትተፋዋለች። ሲስተር አሰፋች ግሉኮስ ሰቀለችላት፤ የሰቀለችው ሲያልቅ ሌላ አልተገኘም። ሸዋዬ በሁዳዴ ጾም መካከል ሞተች። መርሻ ቃሬዛውን ከፊት ሆኖ ተሸከመ፤ ሌላ ሰው ሊተካው ሲመጣም እምቢ አለ።

ከተዝካሩ በኋላ ቀበሌው ለብቻህ አይገባህም ብሎ የክፍሉን ግማሽ ከሰሜን ለተፈናቀለ ቤተሰብ ሰጠ። ቦታ እንዲበቃቸው መርሻ ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰብሮ መቀመጫውን ነቀለ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ቀዳዳ በጭቃና በጭድ ደፈነው።

ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ፈነዳ፣ መዝጊያ አፈሰሰ ብለው ሲጠሩት ዕቃውን አንግቶ ይሄዳል። ሽንት ቤት ግጠምልን ሲሉት ግን አልችልም ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀው ካለ፣ የደነቆረ ጆሮውን አዙሮ እንዳልሰማ ይሆናል።