የጀሶዋ ቅድመ አያታችን ለቅሶ

አላዋቂ አይቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ዕድሜዬን በሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ተማሪ ግን ሳያውቅ ሲቀር ቢያንስ ያፍራል። የቀበሌያችን ካድሬ አያፍርም ነበር። ባሕር ማዶ ተልኮ ለጥቂት ወራት ኮርስ ወስዶ ሲመለስ፣ ዓለምን ራሱ ፈጥሮ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ የመጣ ይመስል ነበር። እግዚአብሔርን ደግሞ የለም ብሎ በአንድ ስብሰባ ገላግሎናል።

ናዝሬት ውስጥ በዚያን ዘመን በየሳምንቱ ለውይይት ክበብ እንሰበሰባለን። አንድ ቀን ካድሬው ተነሥቶ፣ የሰውን ልጅ አመጣጥ በዓይናችሁ የምታዩበት የአንድ ቀን ጉብኝት ተዘጋጅቷል አለ። ቦታው ከአዳሚ ቱሉ አለፍ ብሎ ጎርፍ የበላው ገደላገደል ሲሆን፣ አስጎብኚው ራሱ ነው። ቀኑ እሑድ ሆነ። እሑድን የመረጠው ቅዳሴ የሚሄደውን ኦርቶዶክስና ቤቱን ዘግቶ የሚዘምረውን ጴንጤ በአንድ ባስ ጭኖ ሁለቱንም ከአምላካቸው ለማራቅ ነው። ጉብኝቱ በፈቃደኝነት ነው ተባለ፤ የቀረ ሰው ግን የስኳር ራሽኑ ይቀርበታል። ስለዚህ ሁላችንም ፈቃደኛ ሆንን።

እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ጓድ መምህርት፣ አንቺ ሳይንሳዊ ድጋፍ ትሰጪኛለሽ» አለኝ። በዕድሜ ከተማሪዎቼ አንዱን ሊያህል ምንም ያልቀረው ልጅ ነበር።

ከጉብኝተኞቹ መካከል ቤታችን በግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤቴ፣ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ ልጃቸውን ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ አንድ ማለዳ ወስደውባቸው አልተመለሰም። ሞቷል ያላቸው የለም፤ አልሞተም ያላቸውም የለም። ለቅሶ ሊቀመጡ ሲሉ የቀበሌ ሰዎች መጥተው፣ ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስ ራሱ ፀረ አብዮተኝነት ነው አሏቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ እድርተኛም ከበር ተመለሰ። እርማቸውን ሳያወጡ ቀሩ። እርሙን ያላወጣ ሰው ሟቹን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ እሳቸውም እንደዚያው ይዘውት ይዞሩ ነበር።

ልጁ የተወሰደ ዕለት ሰማያዊ ሹራቡ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቡታል፤ ያሰጡታል፤ አመሻሽ ላይ አጣጥፈው ያስገቡታል። ማንም ሳይለብሰው በመታጠብ ብዛት ብቻ ክርኑ ሳስቶ ነበር። በግቢያችን አንድ ገመድ ብቻ ስለነበረ እኔ ልብሴን አጥር ላይ አሰጣለሁ። ግቢው ውስጥ ያንን ሹራብ ገፋ አድርጎ የራሱን የሚያሰጣ ሰው አልተገኘም።

እሑድ ማለዳ ተነሣን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ካድሬው ሜጋፎን አነሣ። በባስ ውስጥ፣ ከፊቱ ለተቀመጠ ሰው፣ በሜጋፎን። «ይህ የቆዳ ፋብሪካ ነው» አለን፤ ሽታው ቀድሞ ነግሮን ነበር። መቂ ላይ «ይህ ሽንኩርት ነው» አለን። ከጎኔ የተቀመጠችው ነርስ፣ ጴንጤ ናት፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በሆዷ እየዘመረች መሆኑ ከእግሯ ምት ያስታውቅባት ነበር። ዝዋይ ስንደርስ እኛ ባስ ውስጥ ቆሏችንን ስንቆረጥም እሱ ወርዶ ከሾፌሩ ጋር የተጠበሰ ዓሣ በላ። ሲመለስ እጁን በካኪ ሱሪው ጠርጎ ስለ እኩልነት ጥቂት ተናገረ።

ገደላገደሉ ጋ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አገሩን መናቅ አልችልም፤ አገሩ ምን አደረገ? ጎርፍ ነጩን አፈር ሸርሽሮ፣ አንዱን ግድግዳ አንዱን ሰርጥ አድርጎ፣ እዚህም እዚያም ግራር ብቻ ትቶበታል። ከሰርጡ አፍ የቆርቆሮ ዳስ ተሠርቷል። ከዳሱ ሥር ግማሹ አፈር ውስጥ የተቀበረ ትልቅ አጥንት ነበረ።

«ጓዶች» አለ ካድሬው፣ «ይህ የዳይኖሰር የጭን አጥንት ነው። ዳይኖሰር በዚህ አካባቢ ይኖር የነበረው ከፊውዳሉ ሥርዓት በፊት ነው።»

ይህን እንኳ ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ በእርግጥ ከፊውዳሉ በፊት ነበር። ነገር ግን የዚያ ሸለቆ አፈር ለዳይኖሰር የልጅ ልጅ ነው፤ ትናንት የመጣ አፈር። አጥንቱ ሐይቁ እስከዚያ ይደርስ በነበረ ጊዜ የሞተ ጉማሬ ሳይሆን አይቀርም። ሳይንሳዊ ድጋፍ ስጪ ተብዬ የለ፣ ጠጋ ብዬ ሹክ አልኩት።

«ጉማሬ ለማሳየት ይህን ሁሉ ነዳጅ አናቃጥልም» አለኝ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ወደ ጥላው ሄድኩ።

ቀጥሎ ከካርቶን ውስጥ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ የራስ ቅል አወጣ። ከአዲስ አበባ በውሰት ያመጣው ነው። ጀሶ ነው፤ ጨርቁን በገለጠ ቁጥር ነጭ ዱቄት እጁ ላይ ይራገፋል። ጀሶ መሆኑን ግን አልተናገረም። በሁለት እጁ እንደ ታቦት ከፍ አደረገው፤ ታቦት የለም ብሎ ባስተማረበት እጁ።

«ይህች የሁላችን እናት ናት። ቄሱም ፓስተሩም ያልነገሯችሁ እናት። እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ ከእሷ ያልተወለደ የለም።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ልማዱን ጨመረበት። ስብሰባውን ሁሉ ለሰማዕታት በኅሊና ጸሎት ይከፍት ስለነበር አፉ ለምዶበታል። «ለእናታችን መታሰቢያ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።»

ኮፍያ ያለው አወለቀ። ያን ሁሉ ሰው ለአንድ ኪሎ ጀሶ አንገት ሲያስደፋ ሳይ በሱም በእኛም አፈርኩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ጎረቤቴ ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጡ።

«ልጄ፣ እናታችን ናት አልክ?»

«አዎ እናት፣ የሁላችንም።»

«ሞታለች?»

«ሚሊዮን ዓመት አልፏታል!»

«ተለቅሶላታል?»

ካድሬው ሳቀ። «ያኔ ምን ለቅሶ አለ እናት? ማን ያለቅስላታል?»

«እንግዲያ ሳይለቀስላት ቀርቷላ» አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው አዘቅዝቀው ለበሱና ከአፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

እንኳን እናቴ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ ይለኛል፣ ይባላል። የመጀመሪያው ጩኸታቸው የሰርጡን ግድግዳ ገጭቶ ሲመለስ ሌሎቹ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አንዲቱ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ባንድ እድር የኖሩ ናቸው፤ ልጁ የተወሰደ ጊዜ ሊያለቅሱ ሄደው ከበር የተመለሱ ናቸው። ከበው ተቀመጡ። ደረት ተመታ። ጴንጤዋ ነርስ ደረት መምታት በሃይማኖቷ ባይፈቀድላትም መጥታ አጠገባቸው ተንበርክካ ትከሻቸውን ያዘች። ጎረቤቴ ያን ሁሉ ዓመት በሆዳቸው ሲያዜሙት የኖሩት የሚመስል ሙሾ አወጡ፦

«አጥቤ አስጥቼው ሰማያዊ ሹራብህን፣
ፀሐይ በላው እንጂ አላየሁም ዓይንህን።»

ካድሬው የራስ ቅሉን እንደያዘ ቀረ። ማስቆም አይችልም፤ እናታችሁ ናት ያለ ራሱ ነው። ለእናቱ አታልቅስ የሚል መመሪያ በኮርሱ ላይ አልተሰጠውም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ።

«ጓድ መምህርት፣ ይህች ሴትዮ ሹራብ ነበራት እንዴ?»

«ዘመኑ ብርድ ነበር» አልኩት።

በሥራ ዘመኔ ከሰጠሁት ሳይንሳዊ ማብራሪያ ሁሉ የምኮራበት ያ ነው። ራሱን ነቀነቀ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው አልጠየቅኩትም፤ ገብቶትም ቢሆን አላመሰግነውም።

በዚያ መሐል አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ከብት እየነዱ ሲያልፉ ለቅሶ ሰምተው ቆሙ። ለቅሶ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ በዚያ አገርም ነውር ነው። ከብቶቻቸውን ትተው ወረዱ። ሐዘንተኛው ማን እንደሆነ በዓይናቸው ሲፈልጉ፣ መካከል ላይ ቆሞ የራስ ቅል የታቀፈውን ባለ ካኪ አገኙ። ቀርበው በሁለት እጃቸው እጁን ያዙና፣ «ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» አሉት፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ ማለታቸው ነው። ካድሬው ግራ ቀኙን አየ። እጁን ሊያስለቅቅ ቢሞክርም ሽማግሌው መልስ ሳይሰሙ የሚለቁ ዓይነት አልነበሩም።

«አሜን» አለ።

ሰው ሁሉ ሰማው። የሳቀ ግን አልነበረም፤ እኔ እንኳ አልሳቅኩም።

ለቅሶው በራሱ ጊዜ በረደ። ከሴቶቹ አንዷ ካድሬውን፣ «ውኃህን አምጣ ልጄ» አለችው፤ ኮዳውን ከወገቡ ፈትቶ ሰጠ። ጎረቤቴን ፊታቸውን አጠቧቸው። የተረፈውን ቆሎ በንፍሮ ፈንታ እየዞሩ አደሉ፤ ለሽማግሌውም ዘገኑላቸው። «እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ» ተባለ። ለማን እንደሚባል ሁሉም ያውቅ ነበር። በመመለሻው መንገድ ሜጋፎኑ ካድሬው ጭን ላይ ተኝቶ ናዝሬት ደረስን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ገመዱ ባዶ ነበር። ጎረቤቴ በር ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ፣ «ልብስሽን ለምን አጥር ላይ ታበላሺዋለሽ? ገመዱ አለልሽ» አሉኝ። አሰጣሁ። ስለ ሹራቡ እሳቸውም አልነገሩኝ፤ እኔም አልጠየቅኳቸው።

ካድሬው ለበላይ አካል ያቀረበውን ሪፖርት በስብሰባ ላይ በኩራት አነበበልን። ሰፊው ሕዝብ ለሳይንስ ባለው ጥልቅ ፍቅር እንባውን መቆጣጠር አቅቶት ነበር ይላል። የበላይ አካልም አመስግኖ ጉብኝቱ እንዲደገም አዘዘ። ውሸታም አለቃ ሲኖርህ ውሸትህ ሹመት ያስገኝልሃል።

ለሁለተኛው ጉብኝት ስለ ስኳር ማስፈራራት አላስፈለገም። ማለዳ ባሱ ጋ ስደርስ ከየቀበሌው የመጡ ሴቶች ሞልተዋል፤ የማላውቃቸው፤ አንዳንዶቹ ከሞጆ ሌሊት ተነሥተው የመጡ። ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ፣ «አየሽ ጓድ መምህርት፣ የሳይንስ ጥማት ማለት ይህ ነው» አለኝ። ጥግ ላይ ቀጠን ያሉ አንዲት ሴት ክንዴን ያዙ። ነጠላቸው ገና አልተዘቀዘቀም።

«መምህርት» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እዚያ ቦታ ማልቀስ ይፈቀዳል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳቸው፣ «ይፈቀዳል።»