የገዛ ዕቅዴ አስተርጓሚ

ትናንት ጠዋት የራሴን ዕቅድ ከሌላ ሰው አፍ እየሰማሁ እንድተረጉም ተጠራሁ... አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ካምፓላ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ዘይትና ሳሙና የሚያከፋፍል የሐበሻ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የኮሮናው ሎክዳውን ሲላላ ባለቤቱ ሀጂ ጠሩኝና ዕቃ ከመጋዘን እስከ ሱቅ የሚሄድበትን አሠራር እንዳስተካክል አዘዙኝ። ሲጀመርም የምመራው እኔ እንደሆንኩ ቃል ገቡልኝ። የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ከጫኞቹ ጋር አቧራ ስቅም ከረምኩ። መኪኖቹ የትና ለምን እንደሚቆሙ ለየሁ። ዋናው ምክንያት ሀጂ ራሳቸው ነበሩ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለማንም አያምኑም፤ እሳቸው ከሌሉ በር አይከፈትም። ይህንንም ሳልፈራ ጽፌ ሰጠኋቸው።

ትናንት ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ፊት የቆመው ግን ከድር ነው፣ የሀጂ የእህት ልጅ። እጁ ላይ የኔ ዕቅድ... ስሜ የለበትም። ስለ ቁልፉ የጻፍኩትም ከውስጡ ተቆርጦ ወጥቷል።

ሠራተኞቹ ኡጋንዳውያን ናቸው፤ ከድር ደግሞ እንግሊዝኛ አይሆንለትም። ሀጂ ጠጋ ብለው «ከጎኑ ቁሚና ተርጉሚለት። ሰው ፊት ወንድ ሲናገር ይሻላል» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ግን ቆምኩ።

ከድር «ይህን እኔ ነኝ ያጠናሁት» ሲል እኔም በእንግሊዝኛ «ይህን እኔ ነኝ ያጠናሁት» አልኩ። ጫኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ኦኬሎ የሚባል ሾፌር እጁን አወጣ። አርብ ሀጂ ጁምዓ ሲሄዱ መጋዘኑን ማን ይከፍታል ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩለት። ከድር ወረቀቱን አገላበጠ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪው እንጂ።»

«ምን ብዬ? አንተ ያልከውን ነው የምተረጉመው።»

«መልሱን ታውቂው የለም እንዴ?»

«አውቀዋለሁ። ከወረቀቱ ያወጣኸው አንተ ነህ።»

ሀጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አታሳፍሪን፣ ረዳቱ ሆነሽ ትሠሪያለሽ አሉኝ። ወይ ቃል እንደገቡልኝ እኔ እመራዋለሁ፣ ወይ አሁኑኑ እለቃለሁ አልኳቸው።

«ሴት ልጅ እንዲህ ስትታበይ አያምርባትም» አሉ።

ወደ ሠራተኞቹ ዞርኩና ይህንንም በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። የገቡልኝን ቃልም፣ ረዳት ሁኚ ያሉኝንም፣ አያምርባትም ያሉትንም።

«እሱ አይተረጎምም» አሉ ሀጂ።

«እሱ አይተረጎምም» ብዬ ተረጎምኩ።

ኦኬሎ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሌሎቹም ተከተሉት። ከድር ማስኩን እስከ ዓይኑ ሳበው። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ወደ ቤቴ...

ዛሬ ሥራ የለኝም። ትርጉሙ ግን አንድም ቃል አልጎደለበትም።