አያ ፈንታ ያላደረሳት ወረቀት

አያ ፈንታ በደብረ ማርቆስ ስልክ ቤት የጥሪ ወረቀት አድራሽ ነበር። ያን ጊዜ በየቤቱ ስልክ የለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ማርቆስ ያለች እናቱን ማነጋገር ሲፈልግ ቀድሞ ጥሪ ያስይዛል። እኔ፣ መስመር አገናኟ፣ ስሟንና ሰዓቱን በብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አያ ፈንታ ወስዶ ያደርሳል፤ በማግስቱ ባለ ጥሪዋ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ሥራው ይኸው ነው፤ እሱ ግን እንደ ቅዳሴ ነበር የሚያከብረው።

ወረቀቱን ስሰጠው መጀመሪያ የሚያየው ጽሕፈቱን ሳይሆን የእኔን ፊት ነው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይዞርና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። "አያ ፈንታ፣ ወረቀት እኮ ነው፤ ታቦት አደረግከው!" እለዋለሁ። አይቀየምም። "እታለም፣ አንቺ ስትጽፊው ወረቀት ነው። እኔ ደጅ ሳደርሰው ግን የሰው ልብ ነው" ይለኛል።

እኔ ደግሞ ስድስት ወር አዲስ አበባ ሠልጥኜ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ የመጣሁ፣ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነበርኩ። ጸሎት ሽቦ ላልደረሰበት አገር የተተወ ነገር ይመስለኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አያ ፈንታ እንዲህ የሆነው ወዶ አይደለም። የተወለደው ደብረ ኤልያስ አጠገብ ነው። በወጣትነቱ ገበያ ጤፍ ሲሸጥ አንድ የሚያውቀው ሰው ከማዶ፣ "ፈንታ፣ አንተ እዚህ ነህ እንዴ? እናትህ እኮ ትናንት ተቀበረች!" ብሎ ጮኸበት። ማንም ሳይደግፈው፣ ጤፉ ላይ ተደፍቶ ብቻውን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ፣ በእኔ እጅ ማንም ሰው ብቻውን ክፉ አይሰማም ብሎ ተሳለ።

በ1954 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥሪ መጣ። "ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ ከሆስፒታል ነው። ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ወይዘሮ ጥላነሽ ይቅረቡልን" አለና መስመሩ ተቋረጠ።

እማማ ጥላነሽን የማያውቅ ሰው ማርቆስ ውስጥ የለም። ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ መበለት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሙላት ወታደር ሆኖ ኮንጎ ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ሰባት ወር። በየሰንበቱ ደጀ ሰላም ቆመው "ልጄን አሳየኝ" ሲሉ እንሰማቸው ነበር።

ጥሪውን ጻፍኩ። ወረቀቱን ለአያ ፈንታ ስሰጠው ከንፈሬን መጠጥኩ።

አያ ፈንታ ፊቴን አየ። "በቃ?" አለኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ አላውቅምና። ፊቴን ወደ መስመር ማገናኛ ሰሌዳዬ አዞርኩ።

ወረቀቷን ኪሱ ከቶ እማማ ጥላነሽ ዘንድ ሳይሆን ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ አድማሴ ሄደ። መምሬም ለጎረቤት ነገሩ። በእኛ አገር መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሴቶች መቀነት ታጥቀው፣ በማለዳ ነው የሚረዳ፤ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ እጅ እንዳይጠፋ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ እማማ ጥላነሽ በራቸውን ሲከፍቱ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። መምሬ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ እማማ "ሙላቴን!" ብለው ወደቁ። መንደሩ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ የሙላት ስም እየተጠራ ተሞገሰ፤ ከየቤቱም የእዝን ምግብ ይሰናዳ ጀመር።

እኔ ለቅሶውን ከሩቅ እየሰማሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን መስመሩ ጮኸ።

"ሃሎ፣ እናቴ መጥታለች?"

"ማን ልበል?"

"ሙላት ነኝ።"

ማዳመጫውን ይበልጥ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። ወባ ጥሎት ከኮንጎ በአውሮፕላን መምጣቱን፣ ሆስፒታል ተኝቶ አሁን መቆም መጀመሩን፣ ሃምሳ አለቃው ጥሪ ያስያዘለት ትናንት አልጋ ላይ ስለነበረ መሆኑን ነገረኝ። "አምስት ሰዓት ላይ መልሰህ ደውል! በማርያም፣ እንዳትቀር!" አልኩትና ማዳመጫውን አውልቄ ወጣሁ። ሥራ ጥሎ መውጣት ያስባርራል። ያባሩኝ አልኩ።

ለቅሶው መሐል ገብቼ፣ "ሙላት አለ! አሁን አነጋገርኩት!" ብዬ ጮህኩ። ዋይታው ቀጥ አለ። "ይህችን ልጅ ምን ነካት?" አለ አንዱ። እማማ ጥላነሽ ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ለማጽናናት ብለሽ አትዋሺኝ" አሉኝ። መምሬ አድማሴ ናቸው፣ "ሄዶ መስማት አይጎዳም" ብለው ክንዳቸውን ይዘው ያስነሷቸው።

ለቀስተኛው ሁሉ ተከትሎ ስልክ ቤቱን ከበበው። ሰዓቱ ደረሰ፤ መስመሩ ጮኸ፤ ማዳመጫውን ለእማማ አቀበልኳቸው። "እናቴ፣ እናቴ" ሲል እሰማለሁ፤ የእሳቸው ፊት ግን አይፈታም። ሰይጣን የማያስመስለው ድምፅ የለም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ጥቂት አዳመጡና፣ "ልጄ ከሆንክ የክርስትና ስምህን ንገረኝ" አሉት።

እሱን ስም እናትና ቄስ እንጂ ሠፈርተኛ አያውቀውም። እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"ፍቅረ ሥላሴ ነኝ፣ እናቴ።"

እማማ ጥላነሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "እሰይ! ልጇን አስነሥተህ የናይንን መበለት ያሰብክ ጌታ፣ እኔንም አሰብከኝ!" አሉና እልል አሉ። ውጭ ያለው ሕዝብ ተቀበላቸው። እኔ ሰሌዳዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያች የናቅኳት ጸሎትና ይህ የምኮራበት ሽቦ በአንድ እጅ ሲሠሩ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ከልቤ ተመስገን ማለትን ያን ቀን ተማርኩ።

ቀና ስል አያ ፈንታ ደጃፉ ላይ ነው። ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አጎንብሷል። "ልጅዎን በቁሙ ገደልኩብዎ። ስለ ማርቆስ ብለው ይማሩኝ" አለ።

ስለ እኔ ፊት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያ ነው ያንገበገበኝ። "እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው! ከንፈሬን ስመጥጥ አይቶ ነው" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

እማማ ጥላነሽ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

"ከዲማ ወደ ማርቆስ ስመጣ ይህን ልጅ አዝዬ ብቻዬን ነበርኩ" አሉ። "ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ብሞት የሚያለቅስልኝ ዘመድ አልሰጠኸኝም እያልኩ እግዜርን ሳማርረው ኖርኩ። ዛሬ ማልዶ ደጄ ላይ ይህ ሁሉ ሰው ስለ ልጄ ደረቱን ሲመታ አየሁ። ፈንታ፣ አንተ ባትሳሳት መቼ አየው ነበር?"

ረቡዕ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን ጠበቅን። ከዚያ ለእዝን የተሠራውን ሽሮና ክክ ወጥ እማማ ቤት ለደስታ በላነው። መምሬ አድማሴ ለፍትሐት የያዙትን መጽሐፍ ከብብታቸው ሳያወጡ ማዕዱን ባረኩ። እማማ ጥላነሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለአያ ፈንታ ዘረጉለት፤ እሱም እያለቀሰ ጎረሰ።