የማን እሳት ማጥፊያ ነው?

እንጅባራ የእሳት አደጋ መከላከል ተቆጣጣሪ ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን ነው። አዲሱ የክልሉ ደንብ እንግዳ የሚያሳድር ሆቴል ሁሉ የራሱ እሳት ማጥፊያ ይኑረው ይላል። እኔም ቀልድ የለም ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ፣ እሳት ማጥፊያውን ነጭ ዳንቴል አልብሰው እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀምጠውታል። ገልጬ አየሁት። እጀታው ትንሽ ጠመም ከማለቱ በቀር ደህና ነው፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሆቴል ስደርስ አንድ ባጃጅ ከግቢው እየወጣ ነበር። ውስጥ ገብቼ እሳት ማጥፊያ አሳዩኝ አልኩ። አሳዩኝ። እጀታው ጠማማ ነው፤ ዳንቴሉም እንዳለ ነው!

"ይሄ የወይዘሮ ጥሩዬ አይደለም እንዴ?" አልኩት ባለቤቱን።

"የእሳቸውስ ዳንቴሉ ነው" አለኝ ዓይን ዓይኔን ላለማየት እየሞከረ።

ደሜ ፈላ። እሳት ቢነሳ እንግዶቹ ባጃጅ እስኪመጣ ሊጠብቁ ነው?

"ለማስረጃ ወስጄዋለሁ!" ብዬ ብድግ አደረግኩት።

"ኧረ ተው ወንድሜ፣ ኋላ ራስህ ታፍራለህ" ቢለኝም አልሰማሁትም። ዳንቴል የለበሰውን እሳት ማጥፊያ ታቅፌ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሳቀብኝ፣ በዋናው አስፋልት ወደ መሥሪያ ቤቴ ገሰገስኩ። ዛሬ አንድ ሆቴል ሳላሽግ አልውልም!

ጥበቃችን ጋሽ አያሌው ገና ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከእጄ ተቀበሉኝና ዳንቴሉን ገፈው ከአለቃዬ ቢሮ በር አጠገብ ባዶውን ከቆየው መስቀያ ላይ ሰቀሉት። ልክክ አለ።

"ምነው ቶሎ መለሱት?" አሉኝ። "አለቃህ እኮ ማጥፊያው ከሰዓት ደግሞ ወደ ዳንግላ ሆቴሎች ይሄዳል ብለውኝ ነበር።"