ማንም ያልሰጠው ፕሮቲን

የልጄ ልጅ ዚንድሊንገን በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን ስናበቃ የአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ውስጧ ያለው ኩላሊት ሲጎዳ የሚበዛ የሰው ፕሮቲን ነው፤ ለምርምር ይጠቀሙበታል።

«ሰጪውን አመስግናችሁታል?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ፣ ማን ይሰጣል ብለው ነው? ሴሎች ናቸው እዚያው ላቦራቶሪ የሚያመርቱልን» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ባለቤቴ ኩላሊቱን ታሞ በየቴርሚኑ፣ በየሐኪም ቀጠሮው፣ ደምና ሽንት ሲሰጥ አጠገቡ ነበርኩ። የተረፈው ለምርምር ይዋል ብሎ ሲፈርምም አይቻለሁ። ከሞተ ወዲህ ስለዚያ አመሰግናለሁ ያለን ሰው የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ምነው አልሳቁም?» አለችኝ።

«ከአያትሽ የተወሰደ መስሎኝ ነበር» አልኳት። «እንዲያ ቢሆን መጥቼ አየው ነበር።»