አየር እያለው የሚፈላው

ጥሩሸዋን በዘመሮ የማያውቃት የለም። ሠላሳ ዓመት ጠላ ጠምቃለች፤ የደብሩ ማኅበርተኞች ለዝክር ጠላ ሲያስፈልጋቸው ከእሷ ደጅ አያልፉም። ድፍድፉን በጋን አድርጋ አፉን በጭቃ ስትመርግ፣ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አትተውም፤ አየር ከገባበት በወጉ አይፈላማ።

ካቻምና ታኅሣሥ ግራ ጡቷ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ የሚጠጥር ነገር ዳሰሰች። ባሏ ምንይሉ ሆስፒታል ወሰዳት። ካንሰር ነው ተባለ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ተጀመረላት። ወረፋ ስትጠብቅ አንዲት ታማሚ፣ «ካንሰር እኮ ስኳር ነው የሚበላው» አለቻት።

«እንግዲያው አስርበዋለሁ!»

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። እሷ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል አትቀምስም፤ ከዚያም የምትቀምሰው ቁራሽ እንጀራ ብቻ ነው።

«የንስሐ አባትሽ ቄስ ኪዳነ ወልድ ለታመመ ጾም የለም ብለውሽ የለም እንዴ?» አላት ምንይሉ።

«ይሄ ጾም ለእግዜር አይደለም» አለች ጡቷን እያሳየች። «ለእሱ ነው።»

ለመድኃኒቱ ሁለተኛ ዙር ስትሄድ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ሰውነቷ አይችለውም ብላ መድኃኒቱን ለጊዜው አቆመችው።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ምን እየበሉ ነው?»

«ምንም። እያስራብኩት ነው።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወደ ላቦራቶሪ ወስዳ ከጡቷ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አሳየቻት። ሐምራዊ ነጠብጣቦች ተፋፍገው ታዩ።

«ይሄ የኔ ሥጋ ነው?»

«የእርስዎ። ከውጭ የመጣ የለም። እያንዳንዱ ሕዋስ ዘረመል የሚባል ትእዛዝ አለው፤ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚባዛ የሚነግረው። የእነዚህ ትእዛዝ ተበላሽቷል። ‹ብላ፣ ተባዛ› እያለ አያባራም። ጤነኛ ሕዋስ አየር ካገኘ ስኳሩን አንድዶ ይጨርሰዋል። እነዚህ ግን አየር ሞልቶላቸው ብዙውን ያፈሉታል፤ ከፊሉንም አዲስ ሕዋስ ይሠሩበታል።»

ጥሩሸዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሣች።

«ይፈላል? አየር እያለ?»

«አየር እያለ። እንደ ጠላ ግን አያሰክርም፤ የሚወጣው አሲድ ነው።»

«ይሆመጥጣላ!»

«አዎ፣ ይሆመጥጣል።»

 ያ ሁሉ ፍላት፣ ያ ሁሉ ግንባታ እሷ ሳትሰማው በገዛ ደረቷ ውስጥ! «ዕፁብ ነው» አለች በሹክሹክታ፤ መልሳም ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ቀና ብላም፣ «ታዲያ እኔ ብራብ እሱ አይሞትም?» አለች።

«እርስዎ ሲራቡ ጉበትዎ ራሱ ስኳር ይሠራል፤ ጡንቻዎ ሳይቀር እየፈረሰ። እሱ ከዚያ ይበላል። የሚደክሙት እርስዎ ነዎት።»

ያን ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ካለች ምግብ ቤት ገብታ ሽሮ በእንጀራ ጥርግ አድርጋ በላች፤ ምንይሉ አፉን ከፍቶ ያያታል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መድኃኒቱ ቀጠለ። ነሐሴ ላይ ጡቷ ተቆረጠ። ጠጉሯ ነጭ ሆኖ በቀለ። እስከ ዛሬ በምርመራ የተገኘባት ነገር የለም።

ለክትትል በሄደች ቁጥር ጥያቄ ይዛ ትሄዳለች። ባለፈው ሚያዝያ የጠየቀችው፣ ያ ትእዛዝ መጀመሪያ የተበላሸው በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው።

«ማንም አያውቅም» አለቻት ዶክተር ትርሲት። «አንድ ተራ ቀን።»



«ገብስ ስወቃ ይሆናል» አለች ጥሩሸዋ። «ወይ ደግሞ ስስቅ።»