ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮ

ቡራዩ ያለው ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ አንድ ባለ አምፖል ሬዲዮ አለ። ትልቅነቱ የዱቄት ሳጥን ያህላል። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ መጀመሪያ ውስጡ ያሉት አምፖሎች ቀላ ይላሉ፣ ቀጥሎ የሞቀ እንጨት ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ይጀምራል። ልጆቼ ይህን ያህል የሚያስጠብቅ ዕቃ ለምን ይጠቅማል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከስልካቸው የሚወጣው ነገር ዘፈን ሳይሆን ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው እላቸዋለሁ።

ሬዲዮውን የሰጡን የባለቤቴ አባት ናቸው። ሱሉልታ የሚያርሱ ሰው ነበሩ፤ እኛ ስንጋባ ከራሳቸው ቤት አንስተው ለልጃቸው ይዘውላት መጡ። ዓምና ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው እኛ ዘንድ አመጣናቸው። ጆሯቸው ደክሟል። ቤተሰቡ ሁሉ ሲያናግራቸው ይጮኻል፤ እሳቸው አፋችንን እያዩ ፈገግ ይላሉ፣ መልሳቸው ግን ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ልጆቹ አንዴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስስ ቴሌቪዥን እስከ መጨረሻው ከፈቱላቸው። እኛን ራሳችንን አመመን፣ እሳቸው አንቀላፉ። ከዚያ ወዲህ መናገርም እየተዉ መጡ። ቀኑን ሙሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ መቀመጥ ሆነ ሥራቸው።

አንድ ቀን ሳሎን ገቡና ሬዲዮውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ "ይሄ ዛሬም ይዘፍናል?" አሉኝ።

አይዘፍንም ነበር። ሁለት ዘፈን ያሰማና ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጸጥ ይላል። እንዲህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ግን ሰውየው እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ ብለው ብለው የጠየቁት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ይዘፍናል አልኳቸው፤ አልኩና ጣጣው ውስጥ ገባሁ።

ሰበታ የድሮ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው አለ ሲሉኝ ሳጥኑን ታቅፌ በአየር ጤና በኩል ሄድኩ። ወያላው የሁለት ሰው አስከፈለኝ፤ የታቀፍኩት ነገር የሚያህለውን ሳየው መከራከሩም አሳፈረኝ። ጠጋኙ አንድ አምፖል ለወጠለት፤ ሬዲዮው እዚያው ሱቁ ውስጥ ሲዘፍን ዋለ። ቡራዩ ሳመጣው ሁለት ዘፈን፣ ከዚያ ዝም። ተመልሼ ወሰድኩት። ሰበታ ሲዘፍን ዋለ፣ ቤት ሲገባ ዝም። ጠጋኙ ዕቃው ምንም የለበትም ብሎ ማለልኝ። ልጆቼ ቡራዩን አልወደደውም እያሉ ሳቁብኝ። ባለቤቴ ለቆራሌ ሽጠውና ጥጉ ላይ ቁም ሳጥን ላድርግበት አለች። አባቷ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ በረንዳ ሲወጡ አንዴ ሬዲዮውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

መስቀል ሲቃረብ ባለቤቴ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ አጥባ አሰጣችው። የሬዲዮው ዳንቴልም አብሮ ታጠበ። ይህን ዳንቴል ስንጋባ ሰሞን በእጇ ነው የሠራችው፤ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ከአናቱ እስከ ጀርባው ድረስ አውርዳዋለች፣ ላዩ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣለች። በእኛ ሰፈር ክብር ያለው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። እኔም ወደ ሰበታ ስወስደው ታወልቅለታለች፣ ስመለስ ገና ከበር ተቀብላ ታለብሰዋለች።

ዕለቱ እሁድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ የድሮ ዘፈን የሚያሰሙበት ዝግጅት አለ። እልህ ይዞኝ ራቁቱን የቀረውን ሬዲዮ ከፈትኩት። ሁለት ዘፈን አለፈ። ሦስተኛው ገባ። ድምፁ የሚሰልልበትን ቦታ አውቀዋለሁና ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። አልሰለለም። አራተኛው በትራምፔት ጀመረ፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ነዘረ። እጄን ወደ ጀርባው ብልክ በቀዳዳዎቹ የሚወጣው ሙቀት የምድጃ አፍ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን መተንፈሻ አሳጥተነው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ የደረቀውን ዳንቴል ይዛ ገባች፤ እኔን አየች፣ ጀርባው ላይ ያለውን እጄን አየች፣ የሚዘፍነውን ሬዲዮ አየች። ዳንቴሉን አጣጥፋ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ወዲያው ወደ በረንዳ ወጣሁና ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ወንበር ስቤ ከሬዲዮው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ቀስ ብሎ ጣታቸው ምቱን መምታት ጀመረ፣ ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ሲደርስ እሳቸው ቀድመውት ደርሰው ነበር። ሻካራ ነው ድምፃቸው፣ ግን ቃሉን አንዱንም አላጎደሉም። ልጆቹ ከየክፍላቸው ወጡ። ባለቤቴ ጓዳው በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች፤ አባቷ ሲዘፍኑ የሰማችው ልጅ ሳለች ነው። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ልጆቼን ይሁን፣ ቆራሌውን ይሁን፣ እርጅናን ይሁን እንጃ፣ ብቻ አንድ ነገር ድል አድርጌያለሁ። ዘልዬ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ሽማግሌው መዝፈናቸውን አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። እንደ አገራቸው ወግ አማች ይከበራልና በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ በኦሮምኛ ሶዳ ኮ፣ አማቼ፣ ይሉኛል፣ በዚያ ላይ አንቱ።

"ሶዳ ኮ፣ ትንሽ ይቀንሱት እንጂ" አሉኝ። "እኔ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?"

ቀነስኩት።